ሞዴሉ ከኮከቡ ጋር ገጠመ፤ ታዲያ ምን ተረጋገጠ?

ናሁ_ሰማይ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሳ የሚባለውን የከዋክብት ዝግመተ ለውጥ ፕሮግራም እየተለማመድኩ ነው። ለማያውቁት፦ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ማንም አውርዶ ኮከብን ከልደት እስከ ሞት ማስኬድ ይችላል።

ፀሐይን የሚመስል አንድ ኮከብ መረጥኩ። የወለል ሙቀቱና ድምቀቱ ተለክቷል። ሞዴሉን አስኬድኩት፣ ከሁለቱም ጋር ገጠመ። ከዚያ እስቲ ልየው ብዬ የመነሻ ሄሊየሙን ትንሽ ከፍ፣ መጠነ ቁሱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። አሁንም ገጠመ! ዕድሜው ግን ሌላ ሆነ። የኮንቬክሽኑን (ሙቀት ተሸክሞ የሚናወጠውን ጋዝ) ፓራሜትር ስነካካ ደግሞ ሦስተኛ መልስ መጣ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሦስት የተለያዩ ኮከቦች አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ "ሞዴሉ ከምልከታ ጋር ይስማማል" የሚለው አባባል ምን ትርጉም አለው? የትኛውን ነው የፈተንኩት?

---

በራሪ_ፎቶን

እስካሁን ምንም አልፈተንክም። አትከፋ፣ ብዙ የታተመ ሥራም እዚያው ላይ ይቆማል።

ቁጥሩን ተመልከት። የምትነካካቸው ነገሮች መጠነ ቁስ፣ ሄሊየም፣ ከሄሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮች (በእኛ ሰፈር ሁሉንም "ሜታል" እንላቸዋለን)፣ የኮንቬክሽኑ የመቀላቀል ርዝመት እና ዕድሜ ናቸው። አምስት። የለካኸው ሁለት። በልኩ ሰፍተህ ስታበቃ "ልክ ሆነ!" ብለህ ብትደነቅ ሰፊው ይስቅብሃል።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ሞዴሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንለይ። አንደኛው ክፍል ማንም የማይጨቃጨቅበት ነው። ስበት ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ኃይል እምብርቱ ላይ ይመነጫል፣ በጨረር ወይም በኮንቬክሽን ወደ ውጭ ይጓዛል። ይህ በአራት እኩልታዎች ያልቃል።

ሁለተኛው ክፍል ከቤተ ሙከራና ከአቶሚክ ስሌት የሚመጣ ነው። ኒውክሌር ውህደቱ በምን ፍጥነት ይካሄዳል? ጋዙ ብርሃንን ምን ያህል ያግዳል (ኦፓሲቲ)? ግፊት፣ ሙቀትና ጥግግት እንዴት ይያያዛሉ? እነዚህ እንደ ሰንጠረዥ ይገባሉ፣ አንተ አትነካቸውም። ስህተት ግን ሊኖርባቸው ይችላል።

ሦስተኛው ክፍል ነው ጣጣው። ኮንቬክሽን በተፈጥሮው በሦስት አቅጣጫ የሚናወጥ ነገር ነው። እኛ ግን ኮከቡን ከመሃል ወደ ወለል በአንድ መስመር ብቻ እናሰላዋለን። ስለዚህ በ1958 ኤሪካ ቦም-ቪተንዘ ባዘጋጀችው ቀለል ያለ አቀራረብ እንጠቀማለን። ትኩሱ ጋዝ ከመበተኑ በፊት ምን ያህል ርቀት ይወጣል? መልሱ አንድ ቁጥር ነው፣ አልፋ እንለዋለን። አልፋን ከመጀመሪያ መርሆዎች አንስቶ የሚሰጥህ የለም። በፀሐይ ላይ አስተካክለን ለሌሎቹ እናውሰዋለን።

የፀሐይ ማስተካከያም እንዲህ ነው። ዕድሜዋን ከሜትዮራይቶች እናውቃለን፣ ወደ 4.57 ቢሊዮን ዓመት። ሬዲየሷንና ድምቀቷን እናውቃለን። የወለሏን የሜታልና የሃይድሮጅን ጥምርታም ከስፔክትረም እናነባለን። ሄሊየምን፣ ሜታልን እና አልፋን አስተካክለን እነዚህን ሦስቱን እንገጥማለን። ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ልኬት። እስከዚህ ድረስ ፈተና አልተጀመረም።

ፈተናው የሚጀምረው ባላስተካከልከው ነገር ነው። ፀሐይ ትርገበገባለች። ከርግብግቢቱ ድግግሞሽ ተነስተን በውስጧ ያለውን የድምፅ ፍጥነት ከጥልቀት ጥልቀት ማውጣት እንችላለን። የኮንቬክሽን ክልሏ ግርጌ ከማዕከሉ 0.713 ሬዲየስ ላይ መሆኑን የነገረን ይኸው ነው። የወለል ሄሊየሟም 0.248 አካባቢ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በማስተካከያው ውስጥ አልገቡም። ሞዴሉ ራሱ ያወጣቸው እንደሆነ ታያለህ።

---

ተጠራጣሪው

እና አወጣቸው? እስቲ ጨርሰው። እኔ እስከማውቀው ፀሐይ ራሷ ፈተናውን ወድቃለች። ማስተካከያ የምትሆነው ኮከብ ከወደቀች ሌላው ምን ሊባል ነው?

---

በራሪ_ፎቶን

ሞዴሉ ነው የሚወድቀው እንጂ ፀሐይማ ምን አጠፋች። ግን ልክ ነህ፣ ታሪኩ መነገር አለበት።

በ1990ዎቹ ነገሩ ሰላም ነበር። የ1998ቱ የሜታል ልኬት የሜታልና ሃይድሮጅን ጥምርታን 0.023 አድርጎ ነበር፣ ሞዴሉም ከርግብግቢቱ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይገጥም ነበር። ከዚያ የስፔክትረም ባለሙያዎች የፀሐይን ከባቢ በሦስት አቅጣጫ ማስላት ጀመሩ። የተሻለ ፊዚክስ ማለት ነው። ውጤቱ ግን ኦክስጅንንና ካርቦንን ዝቅ አደረገው። በ2009 ጥምርታው 0.018 ሆነ። ይህን የተሻለ ቁጥር ሞዴሉ ውስጥ ስትከተው የኮንቬክሽኑ ግርጌ ወደ 0.72 ይወጣል፣ የወለል ሄሊየሙም ወደ 0.23 ይወርዳል። የመለኪያው ስህተት ከዚህ ልዩነት በጣም ያነሰ ነው። ልኬቱ ሲሻሻል ስምምነቱ ተበላሸ።

ጥፋቱ የማን ነው? አንዱ ተጠርጣሪ ኦፓሲቲ ነው። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ሳንዲያ ላቦራቶሪ ባለው ዜድ በሚባለው ማሽን የብረት ኦፓሲቲ ከኮንቬክሽኑ ግርጌ ጋር በሚቀራረብ ሁኔታ ተለካ። እንደ ሞገድ ርዝመቱ ከስሌቱ ከ30 እስከ 400 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ክፍተቱን ግማሽ ያህል ይሞላል ተብሎ ተገመተ። በሌላ በኩል በ2022 የወጣ አንድ ትንተና ጥምርታውን ወደ 0.0225 መለሰው። ክርክሩ አላለቀም። እኔ በግሌ ኦፓሲቲው ላይ ነው የማደላው፤ ብዙ ሰው ግን በዚህ አይስማማኝም።

---

ተጠራጣሪው

ይኸው ነው እኮ። ሲገጥም "ሞዴሉ ትክክል ነው"፣ ሳይገጥም "ልኬቱን እንመርምር"። እንዲህማ ከሆነ ሞዴል መቼ ነው የሚሸነፈው?

---

ሐረገ_ብርሃን

ልግባ መሰል፣ እኔ ከልኬቱ ወገን ነኝ።

ተጠራጣሪው፣ ጥርጣሬህ ጥሩ ነው ግን አንዳንዴ "ልኬቱን እንመርምር" የሚለው ትክክል ሆኖ ይገኛል። ሬይ ዴቪስ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆምስቴክ ማዕድን ማውጫ ውስጥ የፀሐይን ኒውትሪኖ (ከኒውክሌር ውህደቱ የሚወጣ ጥቃቅን ቅንጣት) ሲቆጥር ሞዴሉ ከሚለው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚያገኘው። ብዙ ሰው ሞዴሉን ወቀሰ። የእምብርቱን ሙቀት ትንሽ ብታወርደው ኒውትሪኖው ያንሳል አሉ። ሆኖም በ1990ዎቹ ርግብግቢቱ "አይ፣ እምብርቱ ሞዴሉ እንዳለው ነው" አለ። በ2001 እና በ2002 ካናዳ ያለው የሰድበሪ ጣቢያ ሁሉንም የኒውትሪኖ ዓይነት ለይቶ ሲቆጥር ድምሩ ከሞዴሉ ጋር ገጠመ። ኒውትሪኖዎቹ መንገድ ላይ ዓይነታቸውን እየለወጡ ነበር። የኮከብ ሞዴል የቅንጣት ፊዚክስን አረመ ማለት ነው።

ልዩነቱን ልብ በልልኝ። ሞዴሉን ያዳነው የሞዴለኞቹ ቃል አልነበረም፤ ከኒውትሪኖው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሁለተኛ ልኬት ነው።

ናሁ ሰማይ፣ ወደ ኮከብህ ስመለስ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኮከቡን መጠነ ቁስ ማን ለካው? ማንም። የአንድ ብቸኛ ኮከብ መጠነ ቁስ ብዙውን ጊዜ ከሞዴል ነው የሚወጣው። በቀጥታ የምንመዝነው ጥንድ ኮከቦችን ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ከእኛ አንጻር እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንዶች ከሆኑ ደግሞ መጠነ ቁስንም ሬዲየስንም በ1 በመቶ ትክክለኛነት ማግኘት ይቻላል። ያለ ምንም የዝግመተ ለውጥ ሞዴል!

ሌላም ጥቅም አለው። ሁለቱ አብረው ስለተወለዱ ዕድሜያቸውም የመነሻ ቅንብራቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ለአንዱ አንድ ዕድሜ፣ ለሌላው ሌላ ዕድሜ መስጠት አትችልም። እጅህ ታሰረ። አልፋ ሴንታውሪ ኤ እና ቢን ውሰድ። መጠነ ቁሳቸው የፀሐይን 1.08 እና 0.91 እጥፍ፣ ሬዲየሳቸው 1.22 እና 0.86 ነው። በ80 ዓመት ገደማ እርስ በርስ ይዞራሉ። እንዲህ ያለ ጥንድ ላይ ሞክር፣ ያኔ ሞዴልህ ላብ ሲያልበው ታያለህ።

በእርግጥም የሚያልበው አለ። ከፀሐይ በጣም ያነሱ ቀያይ ኮከቦች በጥንድ ሲለኩ ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ከሚለው ከ5 እስከ 10 በመቶ ሰፋ ብለው ይገኛሉ። መግነጢሳዊ መስክና ጥቁር ነጥብ ነው ይላሉ። ይሆናል።

---

ኮድ_በላ

ፊዚክሱን እናንተ ተከራከሩበት። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ልበል።

ናሁ ሰማይ፣ ሜሽህን አጥብበህ አይተሃል? ፕሮግራሙ ኮከቡን በቀጫጭን ንብርብሮች ይከፍለዋል፣ ጊዜውንም በእርምጃ ይቆርጠዋል። ሜሽ ዴልታ ኮኤፍ እና ታይም ዴልታ ኮኤፍ የሚባሉትን ሁለቱንም በግማሽ ቀንስና መልሰህ አስኪድ። መልሱ ከተንቀሳቀሰ እስካሁን የፈተንከው ኮከብ ሳይሆን የራስህን ፍርግርግ ነው። የተገኘው ልዩነት ከመለኪያው ስህተት በደንብ እስኪያንስ ድረስ አጥብብ።

በተለይ የኮንቬክሽን ክልል ድንበር ላይ ተጠንቀቅ። ድንበሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ከንብርብር ወደ ንብርብር ይዘላል። ያ ዝላይ ወደ እምብርቱ የሚገባውን ነዳጅ ይለውጣል፣ ነዳጁ ደግሞ ዕድሜውን። ሰው "አዲስ ፊዚክስ" ብሎ ሲደሰት ሜሹ የሰራው ጥርስ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ደግሞ ነባሪ ቅንብሮቹን (ዲፎልት) ለሳይንስ አትጠቀምባቸው። ፕሮግራሙ እንዲሮጥልህ ነው የተቀመጡት።

---

ገና_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የሞኝ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ አሁን ባለችበት ደረጃ በጠቅላላው ወደ 10 ቢሊዮን ዓመት ትቆያለች ይባላል። አንድ ኮከብ ሲለወጥ ያየ ሰው ከሌለ "ዝግመተ ለውጥ" የሚለው ራሱ በምን ይፈተናል?

---

ሐረገ_ብርሃን

በጭራሽ የሞኝ አይደለም።

ዋናው ዘዴ የኮከብ ክምችት ነው። በአንድ ደመና ውስጥ አብረው የተወለዱ መቶዎች ወይም ሺዎች ኮከቦች አሉ። ዕድሜያቸው አንድ፣ መጠነ ቁሳቸው ግን የተለያየ። ከባዶቹ ቶሎ ያረጃሉ። ሙቀትና ድምቀታቸውን በኸርትስፕሩንግ-ራስል ንድፍ ላይ ስትነድፍ በአንድ ጊዜ ወጣቱንም ጎልማሳውንም አዛውንቱንም ታያለህ። ሞዴሉ ደግሞ ለአንድ ዕድሜ አንድ መስመር ያወጣል፣ አይሶክሮን ይባላል። መስመሩ ታጥፎ ወደ ቀይ ግዙፎቹ የሚዞርበት ቦታ ዕድሜውን ይናገራል።

ግን ዕድሜውን ማውጣቱ ቀላሉ ነው። ፈተናው የመስመሩ ቅርጽ ነው። ለምሳሌ ኤም 67 የተባለው ክምችት ዕድሜው 4 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ከመታጠፊያው አጠገብ እንደ መንጠቆ ያለ ቅርጽና ኮከብ የጎደለበት ክፍተት አለው። እምብርቱ በኮንቬክሽን የሚናወጥ ኮከብ ሃይድሮጅኑ ሲያልቅበት በአንዴ ይኮማተራል፣ ክፍተቱ የመጣው ከዚያ ነው። የመንጠቆው ስፋት ደግሞ የተናወጠው ጋዝ ከድንበሩ ምን ያህል አልፎ እንደሚሄድ ይነግርሃል።

ከጋያ በኋላ ይህ ሁሉ ተለወጠ። መንኮራኩሩ በታኅሣሥ 2013 መጥቆ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሲለካ ቆየ። ከቢሊዮን በላይ ለሆኑ ኮከቦች ርቀት ሰጠን። ርቀት ካልታወቀ ድምቀት አይታወቅም። ድሮ ሞዴል ሳይገጥም ሲቀር "ርቀቱ ነው" እየተባለ ይታለፍ ነበር። ያ ሰበብ ለብዙ ኮከብ ተዘግቷል። ደስ ብሎኛል፣ ሰልችቶኝ ነበር።

---

በራሪ_ፎቶን

አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። በ1968 ነጭ ድንክ ኮከቦች (ነዳጃቸውን ጨርሰው የቀሩ የኮከብ እምብርቶች) ሲቀዘቅዙ እምብርታቸው እንደ ክሪስታል እንደሚረጋ፣ ሲረጋም ሙቀት ለቅቆ ቅዝቃዜውን እንደሚያዘገይ ተተነበየ። ከዘገየ በንድፉ ላይ በአንድ ቦታ መከማቸት አለባቸው። ክምችቱ በ2019 ከጋያ መረጃ ታየ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተነገረ ነገር! ተጠራጣሪው፣ ይሄን ማን አስተካከለው ትላለህ?

ገና ጀማሪ፣ ዓይናችን እያየ የተለወጠም አለ። በ1996 ዩኪዮ ሳኩራይ የተባለ ጃፓናዊ አማተር ያገኘው ኮከብ አለ። ነጭ ድንክ ለመሆን ተቃርቦ ሳለ የሄሊየም ንብርብሩ እንደገና ተለኮሰና በጥቂት ዓመታት ተመልሶ ግዙፍ ሆነ። ሞዴሎቹ ለዚያ ረዘም ያለ ጊዜ፣ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ነበር። ስለዚህ በንብርብሩ ውስጥ ያለው የቅልቅል ፍጥነት እንደገና መታየት ነበረበት።

---

ተጠራጣሪው

ነጭ ድንኩን ተቀብያለሁ። ያ ንጹህ ትንበያ ነው። ሳኩራይ ግን የእኔ ወገን ነው፤ ካዩት በኋላ ነው ያስተካከሉት።

የ1987ቱን ሱፐርኖቫም አትርሱ። የሚፈነዳው ቀይ ልዕለ ግዙፍ ነው ሲባል ኖሮ የፈነዳው ኮከብ በድሮ ፎቶዎች ሲታይ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ማብራሪያ ይዞ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

---

በራሪ_ፎቶን

ተረቱ ገጥሟል፣ አልክድም። ማብራሪያ ከክስተቱ በኋላ ሲመጣ ዋጋው ግማሽ ነው።

ማብራሪያዎቹን ግን እኩል አትያቸው። አንዱ ሜታሉ አነስተኛ ስለሆነ ነው ይላል። ሌላው ሁለት ኮከቦች ተዋህደው ነው ይላል። ሱፐርኖቫው ዙሪያ ሦስት ቀለበቶች አሉ፣ ከፍንዳታው 20,000 ዓመት ገደማ ቀድሞ የተተፋ ጋዝ ነው። ውህደቱ ሰማያዊነቱንም ቀለበቶቹንም በአንድ ምክንያት ያስረዳል። አነስተኛ ሜታል ብቻውን ስለ ቀለበቶቹ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ብዙዎች ወደ ውህደቱ ያዘነበሉት።

ደግሞ ከዚያው ሱፐርኖቫ ሁለት ደርዘን የሚሆኑ ኒውትሪኖዎች ምድር ላይ ተቆጥረዋል። እምብርቱ ሲደረመስ የሚወጣው ኃይል ከተባለው ጋር ይቀራረባል። ወለሉን ስተናል፣ እምብርቱን አልሳትንም።

---

ናሁ_ሰማይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሐረገ ብርሃን፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ብቸኛ ኮከቤን ካልተውኩ በስተቀር መውጫ የለኝም? ጥንድ ባይሆንም ሄሊየሙንና ዕድሜውን የሚለይልኝ ሌላ ልኬት የለም?

---

ሐረገ_ብርሃን

አለ። እንደ ፀሐይ የሚርገበገብ ከሆነና ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አይቶት ከሆነ ዕድልህ ነው። የድግግሞሾቹ ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ልዩነት አማካይ ጥግግቱን ይነግርሃል። ትንሹ ልዩነት ደግሞ እምብርቱ ውስጥ ምን ያህል ሃይድሮጅን እንደተቃጠለ ይነግርሃል፣ ማለትም ዕድሜውን። ሄሊየሙ የሚያስቀምጠው ትንሽ አሻራም አለ፤ መረጃው ጥሩ ከሆነ ይታያል። ያኔ ከሦስቱ መልሶችህ ምናልባት አንዱ ይቀርሃል።

ቀይ ግዙፎች ላይ ከዚህም ይልቃል። በ2011 ከኬፕለር መረጃ በወለል ተመሳሳይ የሚመስሉ ቀይ ግዙፎች ሁለት ቤት ሆነው ተከፈሉ። የርግብግቢቱ የጊዜ ልዩነት 50 ሰከንድ አካባቢ የሆኑት ሃይድሮጅንን በእምብርቱ ዙሪያ ብቻ የሚያቃጥሉ ናቸው። ከ100 እስከ 300 ሰከንድ የሆኑት ሄሊየምን እምብርታቸው ውስጥ የሚያቃጥሉ ናቸው። ከውጭ ብቻ ስናያቸው አንድ ነበሩ።

---

በራሪ_ፎቶን

ቀጥሎ የመጣውንም ንገሪው እንጂ! በማግስቱ ዓመት የአንዳንዶቹ እምብርት ከወለሉ ቢያንስ አሥር እጥፍ ፈጥኖ እንደሚሽከረከር ታወቀ። እምብርት ሲኮማተር ይፈጥናል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሞዴሎቹ ግን ከታየው በብዙ እጥፍ የፈጠነ ነበር የሚሰጡት። እምብርቱን የሚያዘገይ አንድ ነገር አለ፣ በእኛ እኩልታ ውስጥ ግን የለም። መግነጢሳዊ መስክ ይሁን የውስጥ ሞገድ አልተቋጨም።

ተጠራጣሪው፣ ቀደም ሲል "ሞዴል መቼ ነው የሚሸነፈው" ብለህ ነበር። እዚህ ላይ ተሸንፏል። የሚነካካ ቁልፍ አጥተው አይደለም፤ የነካኩት ሁሉ አልበቃቸውም።

---

ተጠራጣሪው

ይሄን መጀመሪያ ብትሉኝ ግማሹን ክርክር እንተወው ነበር 😄

አንድ ልጠይቅና ልሂድ። ኤችዲ 140283 የተባለው ኮከብ በ2013 ዕድሜው 14.46 ቢሊዮን ዓመት ወጣለት። ዓለም 13.8 ነው። ኮከቡ ከዓለም ይበልጣል?

---

ሐረገ_ብርሃን

የስህተት ክልሉን ቆርጠህ ጣልከው እኮ። 14.46 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.8 ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ ከ13.8 ጋር አይጋጭም። ስህተቱ ከኦክስጅኑ መጠን፣ ከርቀቱና ከመሳሰሉት የመጣ ነው። በኋላ የወጡ ትንተናዎች ዕድሜውን ዝቅ አድርገውታል። ዜና ላይ ግን 0.8ቱን ማን ያነባል።

---

ናሁ_ሰማይ

እሺ፣ ወስኛለሁ። መጀመሪያ ኮድ በላ እንዳለው ሜሹንና እርምጃውን አጠብባለሁ። ከዚያ ብቸኛውን ኮከብ ለጊዜው ትቼ አልፋ ሴንታውሪን እሞክራለሁ፦ መጠነ ቁሶቹን እንደተለኩ እተዋቸዋለሁ፣ ለሁለቱም አንድ ዕድሜ፣ አንድ ሄሊየም፣ አንድ ሜታል። የኮንቬክሽኑን አልፋስ? አንድ ላድርገው ወይስ ለየብቻ?

---

በራሪ_ፎቶን

መጀመሪያ አንድ፣ የፀሐይን። ካልገጠመ ለየብቻ ልቀቃቸውና ስንት እንደሚለያዩ እይ። የሦስት አቅጣጫ ስሌቶች አልፋ ከኮከብ ኮከብ በመጠኑ እንደሚለያይ ያሳያሉ፣ ስለዚህ ጥቂት ልዩነት ነውር አይደለም። የሚጠይቅህ ልዩነት እጅግ ትልቅ ከሆነ ግን ሌላ የተሳሳተ ነገር በአልፋ እየሸፈንክ ነው።

ኤ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። 1.08 ማለት እምብርቱ በኮንቬክሽን የሚናወጥና የማይናወጥ ኮከብ ድንበር አካባቢ ነው። በትንሽ ለውጥ ወዲያና ወዲህ ይላል።

---

ኮድ_በላ

ስትጨርስ ኢንሊስቱንም (የቅንብር ፋይሉን) የፕሮግራሙን ቅጂ ቁጥርም አብረህ ለጥፍ። ሥዕል ብቻ ከለጠፍክ አላየውም።